የጃፓን የቅንጦት መኪናዎች

የጃፓን የቅንጦት መኪናዎች የሚባሉት በጃፓን ኩባንያዎች የሚሠሩ፣ ከተራ የቤተሰብ መኪና በላይ ለምቾት፣ ለጸጥታ፣ ለጉልበትና ለአሠራር ጥራት ትኩረት የሚሰጡ ሴዳኖችና የመስክ መኪናዎች ናቸው። በዓለም ገበያ ይበልጥ የታወቁት የሆንዳ አኩራ፣ የቶዮታ ሌክሰስና የኒሳን ኢንፊኒቲ ናቸው። ሦስቱም ከ1986 እስከ 1989 ባሉት ዓመታት ውስጥ ለአሜሪካ ገበያ ታስበው ሥራ ጀመሩ። ከነሱ ቀድሞ በጃፓን ውስጥ ለባለሥልጣናትና ለንጉሣዊው ቤተ መንግሥት የሚሠራው ቶዮታ ሴንቸሪ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነዚህ መኪናዎች በፊት የቅንጦት መኪና ክብር በአብዛኛው የሚለካው በአምራቹ ስምና ዕድሜ ነበር። ጃፓኖቹ በዚህ መስክ የቆየ ስም ስላልነበራቸው የተወዳደሩት በአሠራር፣ በዋጋና በደንበኛ አያያዝ ነው። የመኪና አፍቃሪዎች ዛሬም የሚወዷቸው በዋናነት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ አዲስ ሳሉ ብቻ ሳይሆን ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላም በደንብ ይሠራሉ።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች

ቶዮታ ክራውን የተባለችውን መኪና በ1955 አወጣ። በ1957 ወደ አሜሪካ ልኮ ለመሸጥ ቢሞክርም፣ በጊዜው ለነበረው የጃፓን ዝግተኛ መንገድ የተሠራው ሞተሯ የአሜሪካን አውራ ጎዳና ፍጥነት አልቻለም። ሽያጩም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ። ይህ ውድቀት ለኩባንያው ትልቅ ትምህርት ሆነ።

በ1964 የወጣችው ክራውን ኤይት ባለ 8 ሲሊንደር የቪ ቅርጽ ሞተር ነበራት። በ1965 ኒሳን ፕሬዝደንት የተባለችውን ትልቅ ሴዳን አቀረበ። በ1967 ደግሞ ቶዮታ ሴንቸሪን አወጣ። ስሙ መቶ ዓመት ማለት ሲሆን የተሰጠውም የሽመና መሣሪያ ፈልሳፊና የቶዮታ ቡድን መሥራች የሆነው ሳኪቺ ቶዮዳ የተወለደበትን መቶኛ ዓመት ለማሰብ ነው።

ሴንቸሪ ከምዕራባውያን የቅንጦት መኪናዎች የሚለየው ራሱን ባለማሳየቱ ነው። ቅርጹ በአሥርተ ዓመታት ውስጥ ብዙም አልተለወጠም። የቀለሙ ገጽታ በእጅ እየተወለወለ እንደ መስታወት እስኪያበራ ድረስ ይሠራል። ብዙ ደንበኞች ለወንበሩ ከቆዳ ይልቅ የሱፍ ጨርቅ ይመርጣሉ፤ ቆዳ ሰው ሲቀመጥበት ድምፅ ሲያሰማ ሱፍ ግን ጸጥ ያለ ነውና። በ1997 የወጣው ሁለተኛው ትውልድ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 5 ሊትር ሞተር ነበረው። በ2018 የወጣው ሦስተኛው ትውልድ ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርን ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር ያጣመረ ሃይብሪድ ነው። በ2006 ለንጉሠ ነገሥቱ ሴንቸሪ ሮያል የተባለች ልዩ መኪና ተሠርታለች።

የኮታው ዘመን

የጃፓን አምራቾች በዓለም የቅንጦት ገበያ ውስጥ የገቡት በንግድ ግጭት ምክንያት ነው። በ1973 እና በ1979 በደረሱት የነዳጅ ቀውሶች የተነሣ አሜሪካውያን ነዳጅ የሚቆጥቡትን ትናንሽ የጃፓን መኪናዎች በብዛት መግዛት ጀመሩ። የአሜሪካ ፋብሪካዎች ገበያ አጡ፤ ብዙ ሠራተኞችም ከሥራ ተቀነሱ። በ1981 ጃፓን በአሜሪካ ግፊት ወደዚያ የምትልካቸውን መኪናዎች በዓመት በ1.68 ሚሊዮን ለመወሰን ተስማማች። ይህ ቁጥር በኋላ ከፍ ተደርጓል።

ኮታው የሚቆጥረው የመኪና ብዛትን እንጂ ዋጋን አልነበረም። ስለዚህ ብዛት መጨመር ያልቻለ ኩባንያ ትርፉን ለማሳደግ ከእያንዳንዱ መኪና የበለጠ ማግኘት ነበረበት። በ1985 በኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል በተደረገው የገንዘብ ሚኒስትሮች ስምምነት ምክንያት የየን ዋጋ በፍጥነት ሲያድግ ርካሽ መኪና ከጃፓን ልኮ ማትረፍ ይበልጥ ከበደ። የአሜሪካን ሠራተኛ ለመጠበቅ የታሰበው ገደብ በዚህ መንገድ የጃፓን አምራቾችን ወደ ውድ መኪና ገፋቸው፤ ውድድሩም ከዲትሮይት አልፎ የጀርመን ኩባንያዎች ወደያዙት ገበያ ተሻገረ።

አኩራ

ቀዳሚው ሆንዳ ነበር። በማርች 1986 አኩራ በሚል ስም በአሜሪካ ራሳቸውን የቻሉ 60 ያህል መሸጫዎች ከፈተ። ይዞ የቀረበውም ሌጀንድ የተባለችውን ሴዳንና አነስተኛዋን ኢንቴግራ ነው። ሌጀንድ ከእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ ጋር በጋራ የተነደፈች ስትሆን ባለ 6 ሲሊንደር፣ 2.5 ሊትር ሞተር ነበራት። አንድ የጃፓን ኩባንያ ሌላ ስምና ሌላ መሸጫ አቋቁሞ ውድ መኪና መሸጥ እንደሚችል ያሳየችው እርሷ ናት።

በ1990 የወጣችው ኤንኤስኤክስ ሴዳን ባትሆንም ለአኩራ ስም ብዙ አድርጋለች። መላ አካሏ ከአሉሚኒየም የተሠራ ስትሆን፣ ብራዚላዊው የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን አይርተን ሴና በሱዙካ የውድድር ሜዳ ነድቷት ለመሐንዲሶቹ አስተያየት ሰጥቷል።

ሌክሰስ

በ1983 የቶዮታ ሊቀ መንበር ኤጂ ቶዮዳ ከዓለም ምርጥ መኪናዎች ጋር የሚወዳደር መኪና መሥራት ይቻል እንደሆነ የኩባንያውን ኃላፊዎች ጠየቀ። ሥራው በምስጢር ተጀመረ፤ ዋና መሐንዲሱም ኢቺሮ ሱዙኪ ሆነ። በ1985 የቶዮታ የንድፍ ባለሙያዎች በካሊፎርኒያ ላጉና ቢች ቤት ተከራይተው የሀብታም አሜሪካውያንን አኗኗርና ምርጫ አጠኑ። 450 ያህል የሙከራ መኪናዎች ተሠሩ፤ ወጪውም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ይነገራል።

ኤልኤስ 400 የተባለችው መኪና በጃንዋሪ 1989 በዲትሮይት የመኪና ትርኢት ታየች፤ በሴፕቴምበርም መሸጥ ጀመረች። ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4 ሊትር ሞተሯ 250 የፈረስ ጉልበት ነበረው። የመነሻ ዋጋዋ 35,000 ዶላር ሲሆን ተመሳሳይ ስፋት ካላቸው የጀርመን መኪናዎች እጅግ ያነሰ ነበር። በወቅቱ በወጣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መኪናዋ በሚሽከረከር ሮለር ላይ ቆማ በከፍተኛ ፍጥነት ስትሠራ በኮፈኗ ላይ የተደረደሩት የሻምፓኝ ብርጭቆዎች ሲወድቁ አይታዩም።

ከባዱ ፈተና የመጣው ሽያጩ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ነው። በዲሴምበር 1989 ከፍሬን መብራት ሽቦና ፍጥነትን በቋሚነት ከሚይዘው መሣሪያ ጋር የተያያዘ ችግር በመገኘቱ የተሸጡት 8,000 ያህል መኪናዎች ሁሉ ለጥገና ተጠሩ። ስሙን በጥራት ላይ ብቻ ለመሠረተ አዲስ ኩባንያ ይህ የመጨረሻው ሊሆን ይችል ነበር። ሌክሰስ ግን ደንበኞቹን ወደ ጋራዥ ከመጥራት ይልቅ ሰዎች ልኮ ብዙዎቹን መኪናዎች ከባለቤቶቹ ቤት አስወሰደ፤ አስጠግኖ፣ አሳጥቦና ነዳጅ ሞልቶ መለሰ። ሥራው በ20 ቀናት ውስጥ ተጠናቀቀ፤ ውድቀት ሊሆን የነበረውም ለደንበኛ አያያዝ ምሳሌ ሆኖ ይነሣል።

ሌክሰስ ከ2000 እስከ 2010 በአሜሪካ ከቅንጦት መኪናዎች ሁሉ በሽያጭ አንደኛ ነበር። በ2011 በጃፓን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ ምርቱን ባስተጓጎለበት ዓመት ይህን ቦታ አጣ።

የሚገርመው ሌክሰስ በራሱ አገር ለረጅም ጊዜ አይታወቅም ነበር። ኤልኤስ በጃፓን የምትሸጠው ቶዮታ ሴልሲዮር ተብላ ሲሆን የሌክሰስ ስም ጃፓን የገባው በ2005 ነው።

ኢንፊኒቲና አማቲ

ኒሳን ኢንፊኒቲን በኖቬምበር 1989 በአሜሪካ ጀመረ። ዋናዋ መኪና ኪው45 ባለ 8 ሲሊንደር፣ 4.5 ሊትር ሞተር ነበራት፤ 278 የፈረስ ጉልበቷም ከኤልኤስ 400 የሚበልጥ ነው። ከፊት የተለመደው የአየር ማስገቢያ ፍርግርግ አልነበራትም። የመጀመሪያዎቹ ማስታወቂያዎች ድንጋይ፣ ዛፍና ውኃ እንጂ መኪናዋን አያሳዩም ነበር። ማስታወቂያው ብዙ ቢወራለትም ሽያጩ የሌክሰስን ያህል አልሆነም። ለነጂዎች ግን ኪው45 ከተቀናቃኟ ይልቅ ለመንዳት የምታጓጓ ነበረች፤ ይህ ጠባይ በ2002 በወጣችው ጂ35 ቀጠለ። ጂ35 በጃፓን ስካይላይን ተብላ የምትታወቀው መኪና ናት።

ማዝዳም አማቲ በሚል ስም አራተኛ ለመሆን ተነሥቶ ነበር። የጃፓን ኢኮኖሚ ከ1990 በኋላ ሲቀዘቅዝ ግን ዕቅዱን በ1992 ሰረዘው። ከተዘጋጁት መኪናዎች አንዷ በኋላ ማዝዳ ሚሌኒያ ሆና ወጣች።

በ1995 ሌላ ፈተና መጣ። የአሜሪካ መንግሥት ጃፓን ገበያዋን ለአሜሪካ መኪናዎችና መለዋወጫዎች አልከፈተችም በማለት በ13 የጃፓን የቅንጦት ሞዴሎች ላይ የ100 በመቶ ቀረጥ እንደሚጥል አስታወቀ። ይህ የመኪናዎቹን ማስገቢያ ዋጋ በእጥፍ የሚያሳድግ ነበር። ሁለቱ አገሮች ቀረጡ ሊጸና ሰዓታት ሲቀሩት በጁን ወር በጄኔቫ ተስማሙ፤ ቀረጡም ቀረ።

የመስክ መኪናዎች

በቅንጦት የመስክ መኪናዎች ጃፓኖቹ ሁለት የተለያዩ መንገዶችን ተከትለዋል። የመጀመሪያው መንገድ ጠንካራ ሻንሲ ያላቸውን የሥራ መኪናዎች ወስዶ ማስዋብ ነው። በ1996 የወጣችው ሌክሰስ ኤልኤክስ 450 በመሠረቷ ላንድ ክሩዘር 80 ናት። ተከታዮቿም እንዲሁ ሆኑ፤ ኤልኤክስ 470 ከላንድ ክሩዘር 100፣ ኤልኤክስ 570 ከላንድ ክሩዘር 200፣ ኤልኤክስ 600 ከላንድ ክሩዘር 300 ጋር አንድ መሠረት ይጋራሉ። ጂኤክስ 470 ደግሞ የላንድ ክሩዘር ፕራዶ እህት ናት። የኢንፊኒቲዋ ኪውኤክስ 80 ከኒሳን ፓትሮል ጋር ተመሳሳይ ናት።

ሁለተኛው መንገድ የመስክ መኪና ቁመና ያለው ነገር ግን አካሉ እንደ ቤት መኪና የተሠራ አዲስ ዓይነት መፍጠር ነው። በ1998 በአሜሪካ የወጣችው ሌክሰስ አርኤክስ 300 ከፍ ብላ ብትታይም አነዳዷ እንደ ሴዳን ለስላሳ ነበር። ከዚያ በኋላ ይህ ዓይነት መኪና በመላው ዓለም ተስፋፋ። በ2005 የወጣችው አርኤክስ 400ኤች ከመጀመሪያዎቹ የቅንጦት ሃይብሪድ የመስክ መኪናዎች አንዷ ናት። ኢንፊኒቲ በ2003 ያወጣት ኤፍኤክስ ደግሞ ከጂ35 ጋር መሠረት የምትጋራ፣ ለፍጥነት የተዘጋጀች መኪና ነበረች።

የአሠራር ጠባይ

የኤልኤስ 400 መሐንዲሶች ያስቀመጧቸው ግቦች እርስ በርስ የሚቃረኑ ይመስሉ ነበር። መኪናዋ ፈጣን ግን ነዳጅ ቆጣቢ፣ ጸጥተኛ ግን ቀላል፣ ምቹ ግን በከፍተኛ ፍጥነት የማትናወጥ እንድትሆን ተፈለገ። ለምሳሌ ድምፅ የማያስገባ ወፍራም ንጣፍ ቢጨመር መኪናዋ ትከብዳለች፤ ከከበደች ደግሞ ነዳጅ ትበላለች። ስለዚህ ድምፁን ከመሸፈን ይልቅ ከምንጩ ለማጥፋት ተወሰነ። የሞተሩ ክፍሎች ከተለመደው በላይ በትክክል ተመጣጥነው ተሠሩ፤ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰውን ዘንግ በተቻለ መጠን በአንድ ቀጥታ መስመር በማድረግ ንዝረት ተቀነሰ። የአየር ግፊትን የመቋቋም መለኪያዋ 0.29 ሲሆን ይህ ለጊዜው ትልቅ ሴዳን እጅግ ዝቅተኛ ነው። በውጤቱም አሜሪካ ነዳጅ በሚያባክኑ መኪናዎች ላይ ከምትጥለው ልዩ ግብር ነፃ ሆነች።

ይህ አሠራር ዕድሜንም ጨመረ። ክፍሎቹ በትክክል የገጠሙና የማይንቀጠቀጡ ከሆነ ቶሎ አይበሉም። በ1996 የተሠራች አንዲት ኤልኤስ 400 በዋናው ሞተሯ በ2017 አንድ ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 1.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሞልታለች።

በመኪና አፍቃሪዎች ዘንድ

የጃፓን የቅንጦት መኪናዎችን የሚወዱ ሰዎች ፍላጎት አንድ ዓይነት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ሞተር ወዳዶች ናቸው። በ1991 የወጣችው ቶዮታ አሪስቶ አራት በር ያላት ሴዳን ብትሆንም ባለ ሁለት ተርቦ፣ ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ነበራት። ይህ ሞተር በኋላ በስፖርት መኪናዋ ሱፕራ ላይ የገባውና በጥንካሬው ዝነኛ የሆነው ነው። ሌክሰስ አይኤስ 300 ከዚሁ ሞተር ተርቦ የሌለውን ዓይነት ትጠቀማለች። የኤልኤስ 400 ሞተርም ከአሮጌ መኪናዎች እየተፈታ በሌሎች መኪናዎች ውስጥ ይገጠማል። በ2007 መጨረሻ የወጣችው አይኤስ ኤፍ ባለ 5 ሊትር፣ 416 የፈረስ ጉልበት ሞተሯ ሌክሰስ ከጸጥታ ሌላም ነገር እንደሚችል አሳየች።

ሁለተኞቹ ቪአይፒ የሚባለውን አስተያየብ የሚከተሉ ናቸው። ይህ ልማድ በጃፓን በኦሳካ አካባቢ የተስፋፋ ሲሆን ሴልሲዮር፣ ፕሬዝደንትና ክራውንን የመሰሉ ትልልቅ ሴዳኖችን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግን፣ ሰፊ ቸርኬ መግጠምንና ውስጡን በመጋረጃና በጥሩ ጨርቅ ማስዋብን ይጨምራል። የሹፌር መኪና የነበረው በወጣቶች እጅ ሌላ መልክ ይዟል።

ሦስተኞቹ አገር አሳባሪዎች ናቸው። ከአዲስነታቸው ጊዜ ያለፈ ጂኤክስ 470ና ኤልኤክስ 470 በአሜሪካና በአውስትራሊያ ዓለታማና አሸዋማ መንገዶች ላይ ይፈለጋሉ። ውስጣቸው እንደ ሳሎን ቢያምርም ሻንሲያቸውና ዲፈረንሻላቸው የላንድ ክሩዘር ነው፤ መለዋወጫቸውም በቀላሉ ይገኛል።

አራተኞቹ ደግሞ ያገለገለ መኪና የሚገዙ ናቸው። የቅንጦት መኪና አዲስነቱ ሲያልፍ ዋጋው በጣም ይወርዳል፤ የጥገናው ወጪ ግን አይወርድም። ብዙ ሰው ያገለገለ የቅንጦት መኪና የሚፈራው በዚህ ነው። ሌክሰስና አኩራ ይህን ስጋት ስለቀነሱ፣ አዲሱን ለመግዛት አቅም ላልነበረው ሰው እንኳ የቅንጦት መኪና ደረሰው። በተጨማሪ የአሜሪካ ሕግ 25 ዓመት የሞላቸው መኪናዎች የአገሩን የደኅንነት መስፈርት ሳያሟሉ እንዲገቡ ስለሚፈቅድ፣ ለጃፓን ገበያ ብቻ የተሠሩ ሴንቸሪና ፕሬዝደንት ዛሬ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች እጅ ይገኛሉ።

ትችቶች

ዋናው ትችት የስም ልዩነት እንጂ የመኪና ልዩነት የለም የሚል ነው። የመጀመሪያዋ ሌክሰስ ኢኤስ 250 ከቶዮታ ካምሪ ብዙም የማትለይ ነበረች። ኤልኤስ 400ም ቅርጿ መርሴዲስን ይመስላል ተብላ ተተችታለች። አንዳንድ ነጂዎች ጸጥታው ከመጠን አልፎ መሪው የመንገዱን ስሜት አያስተላልፍም ይላሉ። ሌክሰስ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሚጠቀምበት፣ ወገቡ የጠበበ ትልቅ የፊት ፍርግርግም ወዳጅም ነቃፊም አፍርቷል።

በአውሮፓ ደግሞ ስኬቱ ውስን ነው። ኢንፊኒቲ በ2020 ከምዕራብ አውሮፓ ገበያ ወጥቷል፤ አኩራም እዚያ አልተሸጠም።

በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በኢትዮጵያ

ትልልቆቹ የጃፓን የመስክ መኪናዎች በባሕረ ሰላጤው የዓረብ አገሮች ከፍተኛ ተወዳጅነት አላቸው። በረሃውንም ሙቀቱንም ይችላሉ። ኒሳን በ2010 አዲሱን ፓትሮል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየው በአቡ ዳቢ ነው።

በኢትዮጵያ ከነዚህ ቤተሰቦች ይበልጥ የታወቀው ላንድ ክሩዘር ነው። የ200 ሞዴሉ በሞተሩ ስም ቪ8 እየተባለ የሚጠራ ሲሆን በብዙዎች ዘንድ የሥልጣንና የሀብት ምልክት ሆኗል። ስለዚህ በሌሎች አገሮች በሌክሰስ ምልክት የሚገለጠው ክብር በኢትዮጵያ በአብዛኛው የተገለጠው በቶዮታ ምልክት ነው። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የኢትዮጵያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ቀድመው የገቡት መኪናዎች ዕድሜና የመለዋወጫ አቅርቦት ይበልጥ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ ሆኗል።

የአሁኑ ሁኔታ

ገበያው ከሴዳን ወደ መስክ መኪና አዘንብሏል። የኢንፊኒቲ ኪው50 ሴዳን ምርት በ2024፣ የአኩራ ቲኤልኤክስ ደግሞ በ2025 ቆሟል። ቶዮታም በ2023 ሴንቸሪን ከፍ ባለ የመስክ መኪና ቅርጽ አቅርቧል። በዚያው ዓመት ይፋ የሆነችው ጂኤክስ 550 ማዕዘናዊ ቅርጽ በመያዟ በአገር አሳባሪዎች ዘንድ በደስታ ተቀብላለች። ሌክሰስ አርዜድ የተባለችውን ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የምትሠራ መኪናም ያቀርባል። የኤሌክትሪክ ሞተር በተፈጥሮው ጸጥተኛና የማይንቀጠቀጥ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ኤልኤስ የሠሩት መሐንዲሶች በብዙ ድካም ያገኙት ጸጥታ አሁን ማንኛውም አምራች ሊያቀርበው የሚችል ሆኗል። ስለዚህ የጃፓን የቅንጦት መኪናዎች ከሌሎች የሚለዩበት ዋናው ነገር የአሠራር ጥራትና ረጅም ዕድሜ ሆኖ ይቀራል።